ሲቀዘቅዝ የሚዞር፣ ሲግል የሚቆም ፋን፦ የኤሌክትሪክ ፋን አገጣጠምን በተመለከተ ከድሬዳዋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሰብያን ነው። ያለችኝ መኪና አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። በቺንጊያ የሚዞረው ፋኗ ስለተሰበረ ከሌላ መኪና የተፈታ የኤሌክትሪክ ፋን ተገጠመላት። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ የሌላ ኮሮላ የሙቀት ስዊች ላይኛው የራዲያተር ቱቦ መሃል በገባ የብረት ማያያዣ ላይ አስሮ፣ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር በሚያገናኝና በሚቆርጥ ማብሪያ) አገናኘው። ፋኑ ግን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይዞራል፣ ሲሞቅ ይቆማል። ስዊቹ ተበላሽቷል ተብሎ ተተወና ፋኑ ዳሽቦርድ ላይ ካለ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ያለ ሪሌ፣ በቀጥታ ተያያዘ። አሁን ማብሪያ ማጥፊያው ይግላል፣ ፕላስቲኩም መቅለጥ ጀምሯል። ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል። ፋኑ ቁልፍ እንደተከፈተ ሁልጊዜ እንዲዞር ላድርገው ወይስ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ያ የሙቀት ስዊች አልተበላሸም። ሥራውን በትክክል እየሠራ ሳለ ነው የተፈረደበት። እባክህ ከጣልክበት ፈልገህ አምጣው፤ መቆጣጠሪያ መግዛት ላያስፈልግህ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ የራዲያተር ፋን ስዊች ከሌሎች በተቃራኒ ነው የሚሠራው። ቀዝቃዛ ሳለ ዝግ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ሙቀቱ ወደ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይከፈትና መስመሩን ይቆርጣል። ወደ 83 ዲግሪ ሲወርድ እንደገና ይዘጋል። አብሮት የሚሠራው ሪሌም እንዲሁ የተገለበጠ ነው፤ ኮይሉ፣ ማለትም በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ነው ፋኑን የሚያስነሳው። ይህን ስዊች ወስደህ ከተለመደው ሪሌ ጋር ብታጋባው የሚሆነው አንተ ያየኸው ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋኑ ይዞራል፣ እርዳታ በሚፈልግበት ሰዓት ይቆማል። ስዊቹ ሲሞቅ መስመሩን የሚዘጋባቸውን መኪኖች ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ይህን ቢያይ ተበላሽቷል ቢል አይፈረድበትም።

ቶዮታ ለምን ገለበጠው? የስዊቹ ሽቦ ቢበጠስ፣ ሶኬቱ ቢወልቅ ወይም እግሩ ቢዝግ ፋኑ መዞር ይጀምራል። ሹፌሩ የማይቆም ፋን ይሰማና ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ ሞተሩ አልተነካም። በተለመደው አሠራር ግን ያው ሽቦ ሲበጠስ ፋኑ ዝም ይላል። ሹፌሩ የሚያውቀው ውኃው ሲፈላ፣ ምናልባትም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማሸጊያ) ከተቃጠለ በኋላ ነው። ማንኛውንም የፋን መስመር የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ሲበላሽ ፋኑን አስነስቶ ነው የሚበላሸው ወይስ አቁሞ? ዳሽቦርድ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ በዚህ ሚዛን ከሁሉም ያንሳል፤ ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ ሳይጠብቅ ሹፌሩ አንድ ቀን በመርሳቱ ብቻ ሞተር ሊያቃጥል ይችላልና።

ስዊቹን ራስህ ፈትነው። ጫፉን፣ ማለትም ጥርስ ያለውን የነሐስ ክፍል ብቻ፣ በውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ አንጠልጥለው፤ የኤሌክትሪክ እግሩ ውኃ አይንካው። ቴስተርህን የሽቦ መቋረጥ በሚፈትሽበት ቦታ ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ከእግሩ፣ ሌላውን ከነሐሱ አካል ጋር አገናኝ፤ ስዊቹ ባለ ሁለት እግር ከሆነ ከሁለቱ እግሮች ጋር። ቀዝቃዛ ሳለ ቴስተሩ ይጮኻል። ውኃው እየሞቀ ሄዶ ሊፈላ ሲቃረብ ድምፁ ከጠፋ፣ ከእሳት አውርደኸው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከተመለሰ ስዊቹ ጤነኛ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይገባል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 93 ላይ የሚከፈተው ስዊች በድስትህ ውስጥ ይከፈታል። ሐረር ላይ ግን ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ፈተናው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። በላዩ 95 ወይም 97 የሚል የታተመበትን ስዊች ሐረር ላይ በንጹሕ ውኃ ብትቀቅለው እስከ ማታ ላይነቃ ይችላል፤ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትጥለው። በውኃው ላይ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ብትቀላቅል የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል፤ ኩላንት መርዝ ስለሆነ ግን ድስቱ ወደ ማዕድ ቤት እንዳይመለስ።

አሁን ወደ ቀለጠው ማብሪያ ማጥፊያ እንምጣ። የመኪና ራዲያተር ፋን፣ እንደ መጠኑ፣ ከ6 እስከ 25 አምፔር ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ እጅግ የበለጠ። አንተ ፋኑ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ስላልነገርከኝ 15 አምፔር ይስባል ብለን እናስላ። በማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ያሉት ትናንሾቹ የመዳብ ንክኪዎች ጥቂት አርጅተው 0.1 ኦም ብቻ ቢቋቋሙ፣ እዚያች ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ22 ዋት በላይ ነው፤ ይህም ሬዲዮ ጠጋኞች ከሚበይዱበት ትንሽ ብየዳ ብረት ጋር እኩል ነው። ያን ሁሉ ሙቀት በአውራ ጣትህ ልክ ባለ ፕላስቲክ ውስጥ ዘግተህ፣ መኪናዋን በግንቦት ፀሐይ ከዚራ ላይ ስታቆማት ምን እንደሚሆን በዓይንህ አይተሃል። ችግሩ ማብሪያ ማጥፊያው ርካሽ መሆኑ አይደለም፤ ውድ ብትገዛም ቀኑን ያራዝመዋል እንጂ አያድነውም። የፋኑ ኤሌክትሪክ ወደ ዳሽቦርድ ጭራሽ መሄድ የለበትም። ወደ ዳሽቦርድ የሚሄደው የሪሌው ኮይል መስመር ብቻ ነው፤ እርሱም የሚፈልገው ከ0.2 አምፔር በታች ነው።

ሌላው ጉዳት ደግሞ የማይታይ ነው። ከባትሪ ተነሥቶ ዳሽቦርድ ደርሶ ወደ ፋኑ የሚመለስ 5 ሜትር ያህል ሽቦ፣ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ15 አምፔር ወደ 0.9 ቮልት ይበላል። ያረጀው ንክኪ 1.5 ቮልት ይጨምርበታል። ስለዚህ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት እያለ ፋኑ የሚደርሰው 11.4 ብቻ ነው። ፋኑ ይዞራል፣ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ የሚስበው አየር ግን ቀንሷል። ደንገጎ ላይ መለኪያህ ወደ ቀይ ከሚጠጋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል።

እኔ የምመክርህ አሠራር ሁለት ሪሌዎች አሉት። አንደኛው ባለ 4 እግር ነው፤ ሥራውም ቁልፍ ሲከፈት ኃይል መስጠት፣ ሲዘጋ መቁረጥ ብቻ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ሽቦ አውጣና ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ አስገባለት። ከፊውዙ ወደዚህ ሪሌ 30 ቁጥር እግር (ቁጥሮቹ ሪሌው ላይ ተጽፈዋል)፣ ከ87 ቁጥሩ ወደ ሁለተኛው ሪሌ 30 ቁጥር ይሂድ። ሁለተኛው ባለ 5 እግር ነው፤ መሃል ላይ 87ኤ የሚባል እግር አለው። የፋኑ ፖዘቲቭ የሚገናኘው ከዚህ ከ87ኤ ጋር ነው። የዚህኛው ሪሌ 87 ቁጥር ባዶውን ይቅር፣ ግን ሸፍነው። የሁለቱም ሪሌ 86 ቁጥር ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ቀጭን መስመር በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል ይገናኝ። የመጀመሪያው 85 ቁጥር ወደ ቦዲ፣ የሁለተኛው 85 ቁጥር ደግሞ ወደ ሙቀት ስዊቹ፣ ከስዊቹም ወደ ቦዲ።

እንዲህ ሲሆን፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሁለቱም ኮይሎች ይሠራሉ፤ 87ኤ ስለሚለያይ ፋኑ ጸጥ ይላል። 93 ዲግሪ ሲደርስ ስዊቹ ይከፈታል፣ ሁለተኛው ሪሌ ይለቃል፣ 87ኤ ይገናኛል፣ ፋኑ ይነሣል። ቁልፉን ስትዘጋ የመጀመሪያው ሪሌ ሁሉንም ይቆርጣል። የመጀመሪያውን ሪሌ ለመቆጠብ ሁለተኛውን በቀጥታ ከባትሪ ብታገናኘው ግን ቁልፍ ስትዘጋ ኮይሉ ይለቅና ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር አድሮ ባትሪህን ይጨርሳል። ሁለተኛው ሪሌ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁልጊዜ ስለሚሠራ ለብ ማለቱ ጤናማ ነው።

ዳሽቦርድ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ካልኖረ አልረጋም ካልክ፣ አዲስ ገዝተህ በሁለተኛው ሪሌ 85 ቁጥርና በሙቀት ስዊቹ መካከል ባለው ቀጭን ሽቦ ላይ አስገባው። መስመሩን ስትቆርጠው ፋኑ ይነሣል። ደንገጎን ከመጀመርህ በፊት አስቀድመህ ልታስነሣው ትችላለህ፤ ብትረሳው ደግሞ የሙቀት ስዊቹ አይረሳም።

የሪሌውን ጽሑፍ ሳታነብ አትግዛ። ባለ 5 እግር ሪሌ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 40/30 ወይም 30/20 የሚል ሁለት ቁጥር አለ፤ ትንሹ የ87ኤ አቅም ነው። ስለዚህ ፋንህ ከ20 አምፔር በላይ የሚስብ ከሆነ በ87ኤ አታሳልፈው፤ ያኔ ሲሞቅ መስመሩን የሚዘጋ ስዊች ገዝተህ በተለመደው 87 ቁጥር መሥራት ይሻላል። ደግሞ አንዳንድ የጃፓን ሪሌዎች የእግር ቁጥራቸው እኔ ከጻፍኩት የተለየ ነው፤ የትኛው ኮይል፣ የትኛው ንክኪ እንደሆነ በቴስተር ሳታረጋግጥ አታገናኝ።

የፋኑን አምፔር በግምት አትተወው። በሽቦው ዙሪያ የሚቆልፍ የአምፔር መለኪያ ያለው ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሂድና ሞተሩ እየሠራ ያስለካው። ተራው ቴስተር ብዙውን ጊዜ የሚችለው እስከ 10 አምፔር ነውና በእርሱ አትሞክር፤ የውስጥ ፊውዙን ታቃጥላለህ። እስከ 15 አምፔር ከሆነ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 25 አምፔር ፊውዝ፣ ወደ 25 የሚጠጋ ከሆነ 4 ካሬ ሚሊ ሜትርና 40 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት የመኪና ሽቦ ይሁን። ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ባለ አንድ ክር ሽቦ መኪና ላይ ማየት ያሳዝነኛል፤ ሞተር ሲንቀጠቀጥ ውስጥ ውስጡን ይሰበርና ከውጭ ደህና ይመስላል። መገጣጠሚያዎቹን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም ለድሬዳዋ አይሆንም፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ናስትሮው በወራት ውስጥ ይፈታል። በፒንሳ የሚጨመቅ የብረት ጫፍ አስገባለት፣ ከዚያ በሙቀት የሚሰበሰብ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው። ሪሌዎቹን ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገህ እግራቸውን ወደ ታች አዙረህ እሰራቸው።

የኔጌቲቭ ነገር ሁልጊዜ ይረሳል። የፋኑን ኔጌቲቭ ቀለም በተቀባ ቦዲ ላይ አትሰረው፤ ቀለሙን ፍቀህ ብረቱን አውጣ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ባትሪው ውሰደው። የሙቀት ስዊችህ ደግሞ ባለ አንድ እግር ከሆነ ኔጌቲቭ የሚያገኘው በራሱ አካል በኩል ነው። የታሰረበት የብረት ማያያዣ ግን በሁለት ጎማ ቱቦዎች መካከል የተንጠለጠለ ስለሆነ ከቦዲ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ያስፈልገዋል። ያ ሽቦ አሁን ካለ እንዳለ ይቆይ፣ ከሌለ ጨምርለት። ሁሉም ካለቀ በኋላ ፋኑ እየዞረ ቴስተሩን በባትሪው ፖዘቲቭና በፋኑ ፖዘቲቭ መካከል አድርግ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበብክ የሆነ ቦታ ላይ ደካማ መገጣጠሚያ አለ። በኔጌቲቭ በኩል ከ0.2 መብለጥ የለበትም።

ለጥያቄህ ቀጥተኛ መልስ ልስጥ። ሁልጊዜ ማዞር ሞተሩን አይጎዳም፤ ቴርሞስታቱ (ውኃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ክፍል) በቦታው እስካለ ድረስ ሞተሩ ሙቀቱን ራሱ ይጠብቃል። የሚጎዳው የፋኑ ካርቦንና ኦልተርኔተሩ ነው። የአሮጌ ዲኤክስ ኦልተርኔተር አቅሙ ትንሽ ነው፤ ማታ የፊት መብራት ብቻ 9 አምፔር ያህል ሲወስድ ፋኑ 15 ከጨመረበት፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ባትሪው መራቆት ይጀምራል። ቢሆንም ዛሬ ካለህበት አደጋ ጋር ሳነጻጽረው፣ ስዊቹን እስክታገኝ ድረስ በአንደኛው ሪሌና በፊውዝ በኩል ሁልጊዜ እንዲዞር አድርገው። የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያውን በተመለከተ፣ መዳሰሻው ራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚሰካውን ዓይነት አልወደውም፤ የሚለካው ውኃውን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ብረትና አየር ነው፣ ቀጫጭኖቹን ክንፎችም ያጎብጣል። ከገዛህም መዳሰሻው ውኃው ውስጥ የሚገባውን ምረጥ፣ መዳሰሻው ሲቋረጥ ፋኑን የሚያስነሣ መሆኑንም ሻጩ ፊት ነቅለህ አረጋግጥ።

ሐረር ለሚኖሩ አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል። በከተማችሁ የሚሠሩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ሙቀትን ተከትሎ የሚነሣ ፋን ይዘው ነው ከፋብሪካ የወጡት። ፋኑ ቺንጊያ ላይ ነው፣ የሚያያዘውና የሚለቀው ግን በኤሌክትሮማግኔት ነው፤ እርሱን የሚያዘው ደግሞ የሙቀት ስዊች ነው። መኪናው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ስለዚህ የሙቀት ስዊች ለአገራችን መካኒኮች እንግዳ አይደለም፤ የ404 ሥራ የሚያውቅ አዛውንት መካኒክ ካገኛችሁ ይህን ሁሉ በቀላሉ ይረዳችኋል።

ደንገጎ ላይ ግን ፋኑ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ተነሥተህ በአጭር ርቀት ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ትወጣለህ። የጫነ ኢሱዙ ከፊትህ ካለ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትክ ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ግን ትንሽ ነው። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለል አየር 18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው። በተጨማሪም እዚያ ከፍታ ላይ ያልታፈነ ውኃ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ይህ ቁጥር ፋንህ ከሚነሣበት ጋር አንድ ነው! የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ደርቆ ግፊት የማይዝ ከሆነ ፋኑ ሲነሣ ውኃው መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለህ ግን መፍያው ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ይላል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ዋጋው ዝቅተኛው ክዳኑ ነውና መጀመሪያ እርሱን ቀይር።

የድሬዳዋን ውኃ ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ፤ ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ እየው። ያ ነጭ ድንጋይ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። የቧንቧ ውኃ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተር የትኛውም ፋን አያድነውም። ከታጠበ በኋላ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ አድርገህ ሙላው። «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ይቀዘቅዛል» የሚልህን ሰው አትስማ፤ ውኃው በራዲያተሩ በኩል ያለ ቁጥጥር ይሮጣል፣ ሞተሩ ቆላ ላይ ሙቀቱን አያገኝም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጥቅም አይሰጥህም።

ፋኑ በትክክለኛው አቅጣጫ መዞሩንም ተመልከት። ከራዲያተሩ ኋላ የተገጠመ ፋን አየር ከፊት ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት። ሁለቱ ሽቦዎች ቢገለባበጡ ይዞራል፣ ግን ወደ ፊት ይነፋል። መኪናዋ ቆማ ፋኑ ሲዞር አንድ ገጽ ጋዜጣ ራዲያተሩ ፊት ላይ አድርግ፤ ከተጣበቀ ልክ ነው። ነፋሱን የሚሰበስበው የፕላስቲክ ከለላ ከሌለው አሠራለት፤ አለበለዚያ ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ፊቱ ያለውን ክብ ብቻ ነው። እጅህን ከማስገባትህ በፊት የፋኑን ሶኬት ንቀል፤ ይህ አሠራር ቁልፍ ክፍት ከሆነ ፋኑን ሳያስጠነቅቅ ያስነሣልና። ሽርጥ ለብሰህ የምትሠራ ከሆነም ጫፉን ሰብስበህ እሰረው።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ቤትህ በር ላይ ሞክራት። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ፋኑ ሊነሣ፣ ጥቂት ቆይቶ ሊቆም፣ እንደገና ሊነሣ ይገባል። ከዚያ የሙቀት ስዊቹን ሶኬት ንቀለው፤ ፋኑ ወዲያው መነሣት አለበት። ይህ ከሆነ ደንገጎን ውጣ። ዳገቱ ላይ ፋኑ ሳያቋርጥ ቢዞር አትደንግጥ፣ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ፋኑ እየዞረ፣ ክዳኑ አዲስ ሆኖ መለኪያው አሁንም ወደ ቀይ ከሄደ የካቢኔውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈትና ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ቁም። ሞተሩን ሳታጠፋ በዝግታ አሠራው፣ ክዳኑን ግን አትንካ። ያኔ የሚቀርህ ራዲያተሩን ማስከፈትና ቱቦዎቹን ማስጠረግ ነው። ፋኑን አስለክተህ የአምፔሩን ቁጥርና ስዊቹ ላይ የታተመውን ዲግሪ ብትጽፍልኝ፣ ሪሌውና ፊውዙ ይመጥኑት እንደሆነ አይቼ እመልስልሃለሁ።